ጎንበሴ ቡታጅራ ላይ የታየ ዕለት

ይህን ታሪክ ልጆቼ እንኳ በሙሉ አልሰሙትም። ከፊሉን ከሰው ለቃቅመዋል፤ ከፊሉን ገምተዋል። እኔ እንደሆነው አድርጌ ልናገረው ብዬ ነው ዛሬ አፌን የከፈትኩት። መጽናኛ የሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ አያገኝም። አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

ጣሊያን አገሩን ሲይዝ እኔ ኑሪ ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራዬ ኮርቻ መሥራት ነው። ቤታችን ከቡታጅራ ገበያ በላይ፣ ወደ ዘቢዳር ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የኔን ኮርቻ ሰው ከሩቅ ይለየዋል፤ በጎንና በጎኑ የሚንጠለጠለው ቆዳ ላይ ወፍ፣ ፍየል፣ የእንሰት ቅጠል በስለት እየቀደድኩ አወጣበታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። እጄ ሥራ ሲፈታ ቆዳ ይቆርጣል፤ ቆዳው ወፍ ይሆናል፤ በቃ።

ታላቅ ወንድሜ በድሩ ደግሞ ነጋዴ ነው። ከወልቂጤ ጨው በበቅሎ ጭኖ ወደኛ ያመጣል። ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ሰው እንዳይስቅ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ነው የሚቀመጠው። ዘይነባን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እሷም የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር።

አንድ ቀን በድሩና ጓደኞቹ ከወልቂጤ ሲመለሱ አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ መንገድ ላይ አስቁመው ጭነቱን ፈተሹ። ከአንዱ የጨው ጆንያ ውስጥ ጥይት ወጣ። ለተራራዎቹ አርበኞች የሚሄድ ነው ተባለ። ጆንያው የማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም፤ ስለዚህ ሁሉንም አሰሯቸው። ጣሊያኖች በከተማው ባቆሙት ጦር ሰፈር ግቢ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበር። እዚያ ገብቶ የወጣ ሰው እምብዛም አላየንም።

በዚያው ሰሞን አንድ ካሚዮን ከወልቂጤ መጣ። ሾፌሩ አጠገብ መነጽር ያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስለው ቀጭን ጣሊያን ተቀምጧል። ከኋላው ደግሞ ሳጥን፣ ሞተር፣ የተጠቀለለ ነጭ አቡጀዲ ተጭኗል። ሰዉ «ባለሳጥኑ» አለው። ሕዝብ እየሰበሰበ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ያሳያል፦ የሮም ሰልፍ፣ መርከብ፣ የሚያርስ ሞተር። ሕዝቡ ያያል፤ ዝም ይላል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለሳጥኑ የኔን ኮርቻ ያየው ከአንድ ባላባት በቅሎ ላይ ነው። ከአስተርጓሚው ከባሻይ ተክሌ ጋር ቤቴ መጣ። ባሻይ ከሰሜን ከጣሊያን ጦር ጋር የመጣ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር።

«ይህን ወፍ ማን ነው የቀደደው ይላሉ ሲኞሬው።»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው መቅደድ ትችላለህ ወይ ይላሉ።»

ደነገጥኩ። «ኧረ ሰው እንዴት ይቀደዳል፣ ባሻይ?»

ባሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። «የቆዳ ሰው ነው የሚሉህ።»

ነገሩን አስረዳኝ። አንገቱ፣ ክንዱ፣ ጉልበቱ የሚታጠፍ የቆዳ ሰው እሠራለሁ። ሰውዬው ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ይተኛል። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ያየዋል። እኔ እግሩን ፀጉር ታህል ፈቀቅ አደርጋለሁ፤ ሳጥኑ ደግሞ ያየዋል። እንዲህ እንዲህ ብዙ ሺህ ጊዜ። በኋላ ሳጥኑ ያየውን ሁሉ አከታትሎ ሲያሳይ፣ የቆዳው ሰው ተነሥቶ ይሄዳል።

ታሪኩንም አውጥተውታል። አንድ የጉራጌ ገበሬ ጠመንጃ ይዞ ተራራ ይወጣል። ይርበዋል፤ ይበርደዋል። በመጨረሻ ወርዶ ጠመንጃውን ያስረክብና ዱቄት ተሰጥቶት ቤቱ ይገባል። የሮምን ሰልፍ አይቶ ዝም ያለ ሕዝብ፣ የራሱን ሰው ሲያይ ዝም አይልም ብሏል ባለሳጥኑ።

«ባሻይ፣ ወንድሜ እናንተ ግቢ ነው ያለው» አልኩ።

ባሻይ ረዘም አድርጎ አየኝ፤ ከዚያ ተረጎመው። ባለሳጥኑ አሰበ፤ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ተመልሰው መጡ።

«የሰፈሩ አዛዥ፣ ኮማንዳንቴው፣ እሺ ብለዋል» አለኝ ባሻይ። «ሥዕሉ ለሕዝብ በሚታይበት ዕለት ወንድምህ ይወጣል።»

ቤት ገብቼ ብናገር አባቴ ፊቱን አዞረ። አምስቱን ሰላት የማያስተጓጉል ሰው ነው። የኮርቻዎቼን ወፎች እንኳ የታገሳቸው እንጀራዬ ስለሆኑ ነበር። «በቂያማ ቀን ለሠራኸው ምስል ነፍስ ዝራበት ስትባል ምን ልትመልስ ነው?» አለኝ።

ዘይነባ ከጓዳ ወጣች። አማቷ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የማውቀው ነፍስ ያለው ሰው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መሆኑን ነው» አለች።

አባቴ ውዱእ ሊያደርግ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አላነሳም።

መጀመሪያ የሠራሁት ሰው ሸንቃጣ፣ ደረቱ የተነፋ፣ ሲያዩት ጦር የመሰለ ነበር። በመብራት ፊት ይዤ ጥላውን ግድግዳ ላይ ጣልኩት። ያምራል፤ ግን ማንንም አይመስልም። ቢሞትም ባይሞትም ለማንም ግድ አይሰጥም። ሁለተኛው ቦርጫም፣ አፈ ሰፊ ሆነ። ባለሳጥኑ ሲያየው ከት ብሎ ሳቀ፤ ባሻይ ግን አልሳቀም። እኔም ሳየው አፈርኩ፤ በአገሬ ሰው ላይ ማላገጥ ሆነብኝ። እዚያው ቆራርጬ ጣልኩት።

ጥላ ዓይን የለውም፤ እንባም ፈገግታም የለውም። ያለው ዳር ዳሩና አካሄዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ከጀርባውና ከአንገቱ መታወቅ አለበት። በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ከተራራው የሚወርዱትን አየሁ። ቆጮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ መንገዱን ለማየት አንገታቸውን እንደ ኤሊ ወደ ፊት አስግገው ይመጣሉ። ሸክማቸውን አውርደው እንኳ ጀርባቸው ቶሎ አይቃናም፤ እንዳጎነበሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

ቤቴ ገብቼ እሱን ቆረጥኩ፦ የጎበጠ ጀርባ፣ ረዥም አንገት፣ ቀጫጭን ባት፣ ከሰውነቱ የማይመጣጠን ትልቅ እግር። መጋጠሚያዎቹን በጅማት ሰፋሁ። ስሙንም ጎንበሴ አልኩት። ግድግዳው ላይ ሳስኬደው ዘይነባ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው። «ይኼን ሰው አውቀዋለሁ» አለች። «ግን የት ነው የማውቀው?» ያን ጊዜ ሥራው እንደተሳካ ገባኝ።

ለበድሩ ምግብ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ቆጮውንና ጎመኑን በጦር ሰፈሩ የሽቦ አጥር አሾልኬ እሰጠዋለሁ። ከስቷል፤ እግሩ በሰንሰለት ነው። ጎንበሴን ከብብቴ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ጥላው ሽቦውን አልፎ በበድሩ እግር ሥር ወደቀ። አስኬድኩት።

በድሩ ሳቀ። ከታሰረ ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይኼማ ትሑት ሰው ነው» አለ። «ድንጋይ ቢያደናቅፈው ድንጋዩን ይቅርታ የሚጠይቅ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ዞር ብሎ እጅ ይንሳዋ! እንዲህ…» ብሎ ሰንሰለቱን እየጎተተ ተደናቀፈ፤ ዞረ፤ ለመሬቱ እጅ ነሳ። ዘብ የቆመው አስካሪ ሳይቀር ሳቀ።

ከዚያ ጠየቀኝ፤ «መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ጠመንጃውን ያስረክባል።»

ቆጮውን አላመጠ። «ቆዳ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቆዳ ቢማረክ ምን ይለናል? አንተ ብቻ አሳምረህ አስኪደው። ዘይነባ ሳትወልድ ልውጣ።»

ቀጥሎ ጎንበሴ የሚኖርበትን አገር መሥራት ነበረብኝ። ባለሳጥኑ በወረቀት ሥሎ ያመጣው ዘንባባና ግመል ነው።

«ባሻይ፣ ግመል እኛ ጋ የት አለ?»

«የሮም ሰው ግመል ካላየ አፍሪካ አይመስለውም ይላሉ።»

«የሚያየው የሮም ሰው ነው ወይስ የቡታጅራ?»

ባሻይ ተረጎመው። ባለሳጥኑ ሥዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

የእንሰቱን ቅጠል ከበግ ቆዳ ሠራሁት። ቆዳውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ፋቅሁት፤ መብራቱ ሲያልፍበት ቅጠሉ በራ፤ የመሃል አጥንቱ ጠቁሮ ታየ። ዘቢዳርን ከወፍራም የበሬ ቆዳ፣ አንዱን ሸንተረር ከአንዱ ኋላ እየደረደርኩ አቆምኩት። በየቤቱ ፊት ያለውን ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ጀፎረውን፣ ዳር ዳሩን ሣር እንዲመስል ጥርስ ጥርስ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ጎንበሴ ሲመለስ የሚሄድበት ነውና ረዥም አደረግሁት። በመጨረሻ ክብ ቤቱን አቆምኩ።

ከገበያው ጥግ ባለው መጋዘን በሩን ዘግተን ከባለሳጥኑ ጋር ሥራ ያዝን። ፈቀቅ ማድረግ፣ እጅን ማንሳት፣ ሳጥኑ ቀጭ ይላል፤ እንደገና ፈቀቅ። በሰው ቋንቋ አንግባባም፤ በጎንበሴ ቋንቋ ግን ተግባባን። ሰውዬው ትሑት ሆኖ ሲሄድ እኔም ባለሳጥኑም ሳናውቀው ጎንበስ እንል ነበር። በእነዚያ ቀናት፣ የተያዝን ሕዝብ መሆናችንንና ወንድሜ መታሰሩን ለአፍታ የምረሳባቸው ጊዜያት ነበሩ።

የተነሣው ሥዕል በጦሩ ካሚዮን አዲስ አበባ ሄዶ መታጠብ ነበረበት። ጠበቅን። የዘይነባ ሆድ ገፋ። በድሩ በየጊዜው እየመነመነ ሄደ፤ ግን ሽቦው ጋ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ ጎንበሴ ነው። «ድንጋዩን ይቅርታ አለው?» ይለኛል። «ብሎታል» እለዋለሁ።

ሥዕሉ መጣ ተብሎ የሚታይበት ቀን ሲቆረጥ፣ በዋዜማው በድሩ ወደ ሽቦው አልመጣም። አስካሪው ምግቡን ከእጄ ተቀብሎ «ነገ ይወጣል፤ ሂድ» አለኝ። እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ዘይነባ ልብሱን አጠበች።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። አዋጅ ነጋሪው ሕዝቡ ወደ መጋዘኑ እንዲገባ ለፈፈ፤ አስካሪዎቹም በቆመጥ ነዱት። ጨው ሻጩ፣ ቆጮ አውራጁ፣ ከጥያ በኩል የመጡ ከብት ነጋዴዎች ሁሉ ገቡ። አባቴ እንኳ ገባ፤ ልጁ ሲወጣ ከሰው ፊት ሊቀበለው። ዘይነባ ወሯ ስለገባ እፍግፍጉን ፈራችና ከመጋዘኑ ውጭ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ፊቷን ወደ ጦር ሰፈሩ በር አድርጋ ተቀመጠች። የታጠበው ልብስ እቅፏ ውስጥ ነበር።

በሩ ተዘጋ፤ ስንጥቁ ሁሉ በቆዳ ተሸፈነ። ውጭ ሞተሩ መጮህ ጀመረ። አቡጀዲው ላይ ብርሃን በራ፤ ዘቢዳር ታየ። ሕዝቡ «እንዴ!» አለ። እንሰቱ ታየ፤ አንዲት ሴት «የኛ አገር!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ጎንበሴ ከቤቱ ወጣ።

ሳቁ እንዴት እንደጀመረ አላውቅም። አንገቱን አስግጎ ሲራመድ ከፊት ያሉት ሳቁ። ሲደናቀፍ መጋዘኑ ሁሉ ሳቀ። ዞር ብሎ ለድንጋዩ እጅ ሲነሳ ግን፣ ወንድሞቼ፣ ጣራው ሊነሣ ደረሰ። ሰው እርስ በርሱ ተደጋገፈ። ያዘኑ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ የሞተባቸው፣ ቤት የተቃጠለባቸው። ከዓመታት በኋላ መሳቃቸው ነው። አባቴን አየሁት፤ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ይስቅ ነበር። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጎንበሴ ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ ዝምታ ሆነ። ማንም አላጨበጨበም። ዱቄቱን ተሸክሞ በጀፎረው ሲመለስ ግን እንደገና ተሳቀ፤ አቡጀዲው ነጭ ሆነ፤ በሩ ተከፈተ።

ሰዉ እየሳቀ ወጣ። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ከፊት ያሉት ጎንበስ ብለው የጎንበሴን አካሄድ እየሄዱ ነበር። በድንገት ቆሙ። ከኋላ ያለው ስላላየ እየሳቀ ይገፋቸዋል። እኔ ከኋለኞቹ ነበርኩ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሲመጣ ሰማሁ።

ገበያው መሃል ካለው ዋርካ ላይ ሦስት ሰው ተሰቅሏል። የመሃሉ በድሩ ነበር።

ሕዝቡ የተሰበሰበው ለዚያ ነበር። ሲኒማ ባይኖር ሰው መስቀያውን ሲያይ ይበተናል፤ እኛ ግን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ስንስቅ እነሱ ሰቅለው ጨረሱ። ዘይነባ ሁሉንም አይታለች። ከጦር ሰፈሩ በር ሲያወጡት ተነሥታ ልብሱን ዘርግታ ሮጣ ነበር፤ አስካሪ ገፍትሮ ጣላት። ጮኻለች፤ ሞተሩ ዋጠው። እኔና አባቴ ስንደርስ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ልብሱን አልለቀቀችም። ወደኔ ቀና ብላ አየች።

«ሳቃችሁ ይሰማኝ ነበር» አለች።

ሬሳውን ማውረድ ተከልክሎ እዚያው ዋለ። አባቴ ከዋርካው ሥር ቆሞ ዋለ፤ ለሰላት እንኳ ከዚያ አልራቀም፤ እዚያው ሰገደ። በማግስቱ ሲፈቀድልን አውርደን ቀበርነው።

ከቀብር ስመለስ ባለሳጥኑ ዕቃውን ካሚዮን ላይ ሲጭን አገኘሁት። ሲያየኝ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። ባሻይ ተክሌ አጠገቡ ነበር።

«ያውቅ እንደሆነ ጠይቁልኝ» አልኩ።

ባሻይ መሬት መሬቱን አየ።

«ባሻይ፣ ጠይቁልኝ! ያውቅ ነበር?»

«አልጠይቅልህም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አላውቅም ነበር ቢልህ ምን ታደርግበታለህ? አውቅ ነበር ቢልህስ? እኔ ራሴ ‹ይወጣል› ሲሉኝ ይወጣል ብዬ ተረጎምኩ። በእናትህ፣ ሂድልኝ።»

ባለሳጥኑ ጎንበሴን ከአንዱ የዕቃ ሳጥን አውጥቶ ዘረጋልኝ። እጄን አላነሣሁም። እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ መልሶ ከተተው። ካሚዮኑ ወደ ሆሳዕና መንገድ ሄደ።

ነገሩ እዚህ አላበቃም። ሥዕሉ በየከተማው ዞረ። ከወራት በኋላ የበድሩ የድሮ ደንበኛ የሆነ ነጋዴ ከወልቂጤ መጥቶ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ቤታችን ገባ። መርዶውን ሰምቶ ነበር፤ ሥዕሉን ማን እንደሠራው ግን አልሰማም። አጽናንቶን ሲያበቃ፣ ከሐዘናችን ትንሽ ፈቀቅ ሊያደርገን ብሎ ይመስለኛል፣ «ወልቂጤ አንድ ጉድ አይተን ብትሉ!» አለና ተነሣ። ወገቡን አጎነበሰ፤ አንገቱን አሰገገ፤ ቤቱ መሃል ተደናቀፈና ዞሮ ለምሰሶው እጅ ነሳ። ብቻውን ሳቀ። ማንም አልነገረውም። ዘይነባ ሕፃን ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ወንድሞቼ፣ ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ የማይረባ መልስ ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ነፍስ ያለው ነገር ቆዳ ላይ አልቆረጥኩም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ኮርቻዬ ልሙጥ ነው እየተባለ ገዢ ሸሸኝ፤ ይሽሽ። ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲስቅ ስሰማ ደጁን አያለሁ። ልጆቼ ሠርግ ላይ ሲስቁ እንኳ አንዴ ወጣ ብዬ አይቼ እመለሳለሁ። ዘመኑ አለፈ፤ ባንዲራችን ተመለሰ፤ ብዙ ሰው ሐዘኑን አወለቀ። በኛ ቤት ግን ድል ሲወራ ዘይነባ አንድ ነገር ልትሠራ ተነሥታ ትወጣለች። ሌላ አላገባችም።

ልጇ መሪማ አባቷን አላየችም። ፎቶግራፍ የለው፤ ምን ይኖረዋል የጨው ነጋዴ። አድጋ ነገር ስትለይ አንድ ቀን ሥራዬ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ አባቴ ሲሄድ እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ መልኩን ነው የሚነግረኝ። አካሄዱን ማንም አይነግረኝም።»

«ቆይ ላሳይሽ» አልኩና ወስፌዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። በድሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ በቃል አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ከበቅሎዎቹ ኋላ ሲመጣ ለማየት ሞከርኩ። አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ሁለተኛውን ተራመድኩ። ወገቤ ታጠፈ፤ አንገቴ ወደ ፊት ሰገገ።

መሪማ ትክ ብላ እያየችኝ «እንዲህ ነበር?» አለች።

ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አይቼ፣ አይደለም ለማለት አቃተኝ።